ኃጢአት ለምን ያሸንፈናል? ጸጋስ እንዴት ያወጣናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኃጢአትና ስለ ጸጋ የሚነሡ እውነተኛ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ከጉባኤ በኋላ፣ ሰው ሲበተን፣ ጥግ ተይዞ ነው የሚጠየቁት። «እባክህ፣ ይህን ነገር መተው አቃተኝ» ብለው ይጀምራሉ። እነዚህን መልሶች ያዘጋጀሁት ለክርክር አይደለም። አንድ ኃጢአት ደጋግሞ ለጣለው፣ ተስፋ ወደ መቁረጥ ለተጠጋ ሰው ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም በሚያነበው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ቆሜ ነው የምመልሰው። አብያተ ክርስቲያናት የሚለያዩበት ቦታ ሲደርስ በግልጽ እናገራለሁ።

ኃጢአት መጥፎ ሥራ ነው። «ኃይል አለው» ሲባል ምን ማለት ነው?

መጥፎ ሥራ መሆኑ ልክ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። ዘፍጥረት 4 ላይ ቃየን ወንድሙን ከመግደሉ በፊት እግዚአብሔር ያስጠነቅቀዋል። ኃጢአት ደጅህ ላይ ታደባለች፣ አንተ ግን ንገሥባት ይለዋል። እጁ ገና አልተነሣም። ኃጢአት ግን ደጁ ላይ ደርሳለች። ጌታ ኢየሱስም በዮሐንስ 8፥34 «ኃጢአት የሚያደርግ ሁሉ የኃጢአት ባሪያ ነው» ብሏል። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ከምዕራፍ 5 እስከ 8 ስለ ኃጢአት ሲጽፍ ስለ አንድ ንጉሥ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ይነግሣል፣ ያዛል፣ ያታልላል፣ ደመወዝም ይከፍላል። ደመወዙ ሞት ነው።

ነገሩን በቅርብ እንየው። ደመወዝ የገባለት ወጣት አስቡ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የባንኩ መልእክት ስልኩ ላይ ደረሰ። የቤት ኪራይ አለበት። ለእናቱ የሚልከውም አለ። ቤቲንግ ከተወ ጥቂት ሳምንታት ሆኖታል። «አንድ ትኬት ብቻ፣ በሃምሳ ብር» ይላል። ሃምሳው ይበላል። እሱን ለማስመለስ ሁለት መቶ ይጨምራል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የስልኩን ብርሃን ቀንሶ፣ አይቶት በማያውቀው አገር የሚደረግ ጨዋታ ውጤት ይጠብቃል። የቡድኖቹን ስም እንኳ በቅጡ ማንበብ አይችልም። ጨዋታው ደስታ መስጠት ካቆመ ቆይቷል። እሱ ግን ማቆም አልቻለም። የመጀመሪያውን ሃምሳ ብር ሲያስይዝ እሱ ነበር የመረጠው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ግን የሚመራው ሌላ ነው። ጳውሎስ «ኃጢአት ይገዛል» የሚለው ይህን ነው። ቤቲንጉን በመጠጥ፣ በዝሙት፣ በቁጣ፣ በሐሜት ቀይሩት፤ አካሄዱ አንድ ነው።

ጳውሎስ ራሱ የማልወደውን አደርጋለሁ ብሎ የለ? ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ይቻላል?

ይቻላል። ያንተ ነው። ሮሜ 7 ማምለጫ ሆኖ ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ ምዕራፉ ግን ለዚያ አልተጻፈም።

ጳውሎስ እዚያ የሚናገረው ስለ አማኝ ነው ወይስ ገና ከሕግ በታች ስላለ ሰው? የጥንት አባቶችም በዚህ አልተስማሙም። ዮሐንስ አፈወርቅ ከጸጋ በፊት ስላለ ሰው ነው ብሎ አስተማረ። አውግስጢኖስ መጀመሪያ እንደዚያው ያስብ ነበር፤ በኋላ ግን ስለ አማኙም ጭምር ነው ወደሚለው ዞረ። የትኛውንም ብንይዝ የምዕራፉ መጨረሻ አይቀየርም። ጳውሎስ «ማን ይፈርድልኛል?» አላለም። «ማን ያድነኛል?» ነው ያለው። በሽተኛ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጩኸት ነው። እዚያው ቀጥሎ በኢየሱስ ክርስቶስ እግዚአብሔርን ያመሰግናል።

ማልኩ፣ ተሳልኩ፣ ራሴን ገዘትኩ። ለምንድነው የማይሠራው?

ጴጥሮስን ተመልከት። ሁሉም ቢክዱህ እኔ አልክድህም፣ ሞት እንኳ ቢሆን አብሬህ ነኝ ብሎ ቃል ገባ። ዋሽቶ አልነበረም፤ ከልቡ ነበር። በዚያችው ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ ሰውየውን አላውቀውም ብሎ ማለ። ቃሉን ያፈረሰው በመሐላ ነው።

መሐላ የሚቆመው በእኛው አቅም ላይ ነው። የተሸነፈው ደግሞ ያው አቅም ነው። ሕግ ጥሩ ነገር ነው፣ ጳውሎስም ቅዱስ ይለዋል። ስህተታችንን ያሳየናል። እንድንፈጽመው ግን ጉልበት አይሰጠንም። «አትመኝ» የሚለው ትእዛዝ ምኞትን እንዲያውም እንደቀሰቀሰበት ሮሜ 7 ላይ ጽፏል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። «ዛሬ ስለዚያ ነገር አላስብም» ብለህ ውለህ ታውቃለህ? ስታስበው ነው የምትውለው።

ቁርጥ ውሳኔ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ውሳኔ ያስፈልጋል። ቦታው ግን ከጸጋ በኋላ ነው። ጸጋን ሊተካ አይችልም።

ጸጋ ማለት ይቅርታ ማለት አይደለም?

ይቅርታ አንዱ ክፍል ነው። ትልቅ ክፍል ነው። ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ይህን ግማሹን ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ይቅር እየተባልን እንደታሰርን የምንኖረው።

ቲቶ 2፥11–12ን አንብብ። የሚያድነው የእግዚአብሔር ጸጋ እዚያው ላይ አስተማሪ ሆኖ ይመጣል። ዓለማዊ ምኞትን ክደን ራሳችንን በመግዛትና በጽድቅ እንድንኖር ያስተምረናል። ጌታ ለጳውሎስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» ሲለው ይቅርታ ስለጎደለው አልነበረም። መቆም ስላቃተው ነበር። በሮሜ 6፥14 ደግሞ ኃጢአት እንዳይገዛን ምክንያት ሆኖ የተሰጠው ይኸው ጸጋ ነው። «ኃጢአት አይገዛችሁምና፥ ከጸጋ በታች እንጂ ከሕግ በታች አይደላችሁምና» ይላል።

እንዴት ነው የሚሆነው? ጳውሎስ በሞት ይጀምራል። ከክርስቶስ ጋር የተጠመቀ ሰው ከእርሱ ጋር ሞቷል፣ ከእርሱ ጋርም ተነሥቷል። ለሞተ ሰው የቀድሞ ጌታው ትእዛዝ አይሠራበትም። ሥልጣኑ የተሻረው መስቀሉ ላይ ነው፤ እኛ ጎበዝ በሆንን ቀን አይደለም።

«ታዲያ ሥልጣኑ ከተሻረ ለምን አሁንም ያዘኛል?» ትላለህ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የነበረ ሰው ይህን ያውቀዋል። መንግሥቱ ወድቋል፣ ካድሬው ሸሽቷል። ሰው ግን ስለ ፖለቲካ ሲያወራ ዞር ዞር ብሎ ማየቱን፣ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን ወዲያው አልተወም። ሥልጣኑ ከሄደ በኋላ ልማዱ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ጳውሎስም ሞታችኋል ካለ በኋላ ነው በሚሞት ሥጋችሁ ኃጢአት አይንገሥ ብሎ የሚያዘው። መጀመሪያ ነጻነቱን ይነግራል፣ ከዚያ በነጻነቱ እንድንኖር ያዛል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ዕድሜ ልኩን ይደክማል።

ጸጋ ይህን ያህል ከሆነ እንደፈለግን ብንኖርስ?

ጳውሎስም ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቆ ራሱ ያነሣዋል፤ «አይደለም» ብሎም ይዘጋዋል (ሮሜ 6)። ከእስር የተፈታ ሰው ወደ እስር ቤት ለመመለስ ፈቃድ አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ይቅርታ ፈልጎ ነጻነትን ግን ገና አልፈለገ ይሆናል። ያንን ለእግዚአብሔር መንገር ይችላል። «መተው አልፈልግም፣ መፈለጉን ስጠኝ» የሚል ጸሎት ሐቀኛ ጸሎት ነው።

የኔ ድርሻስ ምንድነው? ጸጋ ሁሉን ከሠራ እኔ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

በዚህ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብዙ ተናግሯል። በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከብሪታንያ የመጣ ፔላግዮስ የሚባል መነኩሴ ሮም ውስጥ ያስተምር ነበር። አውግስጢኖስ «ያዘዝከውን ስጠኝ፣ የፈለግከውንም እዘዝ» ብሎ የጸለየውን ሲሰማ ተቆጣ። ሰው ሰነፍ ይሆናል ብሎ ፈራ። ሰው በተፈጥሮው፣ ከፈለገ፣ ሳይበድል መኖር ይችላል አለ። ሐሳቡ በ418 እ.ኤ.አ. በካርታጎ ጉባኤ ተወገዘ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው የኤፌሶን ጉባኤም በ431 እ.ኤ.አ. የፔላግዮስን ጓደኛ የኬልስጥዮስን ሐሳብ የያዙትን አውግዟል። ስለዚህ «ጠንክር እንጂ ትችላለህ» የሚለው ስብከት የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም፤ ብንሰማውም።

ከዚያ በኋላ መንገድ ይለያያል። ኦርቶዶክሳውያን የሰው ፈቃድ ከጸጋ ጋር አብሮ መሥራቱን፣ ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ምሥጢራቱን አጥብቀው ይይዛሉ። የአውሮፓው ተሐድሶ ልጆች የሆኑት ፕሮቴስታንቶች ደግሞ እምነቱ ራሱ ስጦታ መሆኑን፣ መጽደቅም በእምነት ብቻ መሆኑን ያጠብቃሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሁለቱም ግን ፊልጵስዩስ 2፥12–13 ፊት ይቆማሉ። መዳናችሁን በፍርሃት ፈጽሙ ይላል፤ ቀጥሎ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላል። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እዚህ ጥቅስ ውስጥ የለም። ብቻህን መታገልም የለም።

ንስሐ ገብቼ ያንኑ ኃጢአት ደገምኩት። እግዚአብሔርን ሰልችቼው ይሆን?

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠየቀው ይህ ነው። ረጋ ብዬ ልመልስ።

ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበል፣ እስከ ሰባት ጊዜ ነውን ብሎ ሲጠይቅ ጌታ እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት አለው። ከእኛ ይህን የሚጠይቅ አምላክ ራሱ በሦስተኛው የሚሰለች አይደለም። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 ብንናዘዝ ይቅር ሊለን «የታመነና ጻድቅ ነው» ይላል። ይቅርታው የቆመው በእርሱ ታማኝነት ላይ ነው። እኛ ስንት ጊዜ እንደመጣን ተቆጥሮ አይደለም።

ከውድቀቱ በላይ የሚጎዳው ከውድቀቱ በኋላ ያለው ሰሞን ነው። ሰው ይወድቃል። ከዚያ «በዚህ አፌ እንዴት እጸልያለሁ? ትንሽ ንጹሕ ልሁንና» ይላል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ይመለሳል። መጽሐፉን አይከፍትም። የጓደኛውን ስልክ አያነሣም። በዚያ ሰሞን ደግሞ አሥር ጊዜ ይወድቃል። የመጀመሪያው ውድቀት በሩን ከፈተ፣ እፍረቱ በሩን ይዞ አቆመው። ንጹሕ ከሆንክ በኋላ ለመጸለይ መጠበቅ ከዳንክ በኋላ ሐኪም ቤት እንደ መሄድ ነው። በወደቅክበት ደቂቃ፣ አፍህ እየመረረህ፣ «አቤቱ ማረኝ» በል። መዝሙረ ዳዊት 50ን (በሌላው አቆጣጠር 51) ዳዊት የጸለየው በዝሙትና በነፍስ መግደል እጁ ቆሽሾ ሳለ ነው።

ይሁዳም ጴጥሮስም በአንድ ሌሊት ወደቁ። ይሁዳ ተጸጽቷል፣ ብሩን መልሷል፣ ንጹሕ ደም አሳልፌ ሰጠሁ ብሎ አምኗል። ግን ጸጸቱን ይዞ ብቻውን ሄደ። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ በኋላም ኢየሱስን በባሕሩ ዳር ሲያየው ወደ ውኃው ዘሎ ወደ እርሱ መጣ። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 7፥10 ሁለት ዓይነት ሐዘን አለ ያለው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ሙሴ ጸሊምን ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። ወንበዴ ነበር፤ በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ መነኮሰ። ከመነኮሰ በኋላ የዝሙት ፈተና በአቱ (የመነኩሴ ማደሪያው) ውስጥ አላስቀምጥ አለው። ወደ መንፈሳዊ አባቱ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። ተመለስ ቢለው «አባቴ፣ አልችልም» አለ። አባ ኤስድሮስ ሰገነት ላይ አውጥቶ ወደ ምዕራብ አሳየው፤ የሚዋጉ አጋንንት ብዛት ነበረ። ወደ ምሥራቅ አሳየው፤ የሚረዱት መላእክት ይበልጡ ነበር። ከዚያ ወደ በአቱ ተመለሰ። «አልችልም» ማለቱ አልተቆጠረበትም። አልችልም ለማለት ወደ ሰው መሄዱ ነው የረዳው።

ሌላው ወዲያው ተለወጠ ይባላል። የኔ ለምን ዘገየ?

አንዳንዱ ከመጠጥ በአንድ ቀን ይላቀቃል። እውነት ነው፣ እግዚአብሔርን እናመስግን። መለኪያ ግን አናድርገው።

ጆን ኒውተን የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ በ1748 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ላይ ማዕበል ይዞት ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። የተመለሰበትን ቀን ዕድሜ ልኩን ያስበው ነበር። ግን ከዚያ በኋላ፣ ከ1750 እስከ 1754፣ አፍሪካውያንን በሰንሰለት የሚጭኑ መርከቦች ካፒቴን ሆነ። የባሕር ሥራውን ያቆመውም ሕሊናው ወቅሶት አይደለም፤ ታሞ ነው። ቄስ ሆነ። ዓለም ሁሉ የሚዘምረውን የጸጋ መዝሙር ጻፈ። በባሪያ ንግዱ ላይ በአደባባይ የጻፈው ግን በ1788 ነው፤ ማዕበሉ ካለፈ 40 ዓመት በኋላ። ኑዛዜው የዘገየ መሆኑንም ራሱ ጽፏል። እንግሊዝ ንግዱን በሕግ የከለከለችው በ1807 ሲሆን እርሱም የሞተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

ይህን የማነሣው ለመዘግየት ፈቃድ ለመስጠት አይደለም። እርሱ ገና ባልነቃበት ጊዜ ሰዎች በሰንሰለት እየሞቱ ነበር። ጸጋ ያላየነውን ኃጢአት እያሳየ፣ ያሳየንን እያስጣለ የሚሄድ መሆኑን ለማሳየት ነው። ባለፈው ዓመት ያልቆረቆረህ ነገር ዛሬ ከቆረቆረህ ሥራው ተጀምሯል።

ለሰው መናገር የግድ ነው?

በኦርቶዶክስ ሥርዓት አዎ። ለንስሐ አባት ይነገራል፣ ቀኖና ይሰጣል፣ ወደ ሥጋ ወደሙ ይቀረባል። ፕሮቴስታንቱ ኑዛዜው በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው ይላል። ሆኖም ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርስ ተናዘዙ ማለቱን እርሱም ያነባል። የኔን አቋም ልንገራችሁ፤ ማንም የማያውቀው ኃጢአት የሚያድገው በጨለማው ነው። ምሳሌ 28፥13 የሚሰውር አይለማም ይላል።

ግን ሰው ምረጡ። «የጸሎት ርዕስ» ብሎ ምሥጢራችሁን ለቡድኑ የሚያካፍል ሰው አይሆንም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ተደፍራ፣ ተበድላ፣ ያንን እንደራሷ ኃጢአት ለንስሐ የምታመጣ እህት አለች። እህቴ፣ የተፈጸመብሽ በደል ያንቺ ኃጢአት አይደለም። የሚያስፈልግሽ ፍትሕና ፈውስ ነው።

ሱስ ነው። ጸበል ልሂድ፣ ጸሎት ላስደርግ ወይስ ሐኪም ቤት?

ሂድ፣ አስጸልይ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂድ። የሰይጣን ፈተና እውነት ነው። ሁሉን ነገር በእርሱ ማሳበብ ግን ከንስሐ መሸሻ ይሆናል። ጌታ በማቴዎስ 12 የተናገረው ርኩስ መንፈስ ወጥቶ ሲመለስ ቤቱን ባዶ ነው ያገኘው። ማስወጣቱ ብቻ አልበቃም።

ለብዙ ዓመት በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያንዘፈዝፈው፣ ለሞትም ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ ሐኪም እያየው ያቁም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማነስ አይደለም።

ይቅር ከተባልኩ የበደልኩትን ሰው መካስ አለብኝ?

ከቻልክ አዎ። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መዳኑን ሊገዛ አልነበረም፤ ጸጋ ቤቱ ስለገባ እጁ ተፈታ። የበላኸውን ዕቁብ መልስ።

ባለቤቴ በዚህ ተይዟል። ምን ላድርግ?

ጸልዪ፣ ግን ውሸቱን አትሸፍኚለት። ዕዳውን በድብቅ እየከፈልሽ አታቆዪው። እየመታሽ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ አንቺና ልጆችሽ ደህና ቦታ ሁኑ፤ ይቅርታ ማለት ለዱላ መቀመጥ ማለት አይደለም። ከዚያ ውጭ፣ ልትፈርጂበት ሲቃጣሽ ሙሴ ጸሊምን አስቢ። በአንድ ወንድም ላይ እንዲፈርድ ሲጠሩት የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፤ በሌላው ልፈርድ መጣሁ» አላቸው። ወንድሙን ይቅር አሉት።

ከዛሬ ማታ ከየት ልጀምር?

በስሙ ጥራው። «ድካሜን» አትበል፤ «ቤቲንግ»፣ «ፖርኖግራፊ»፣ «ቅናት» በል። ሮሜ 6ን ድምፅህን አውጥተህ አንብብ። ከዚያ አንድ በር ዝጋ። አፑን አጥፋው፣ ስልክህን ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ አድርግ፣ ደመወዝ በሚገባበት ቀን ኪራዩንና የእናትህን ገንዘብ በዚያው ሰዓት ላክ። ለአንድ ሰው ደውል፤ የንስሐ አባትህ፣ መጋቢህ ወይም የምታምነው ወንድም ሊሆን ይችላል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ «ይህ ነገር ይዞኛል፣ ነገ እንገናኝ» ይበቃል። እስከ ነገ ከወደቅክም ቀጠሮውን አትሰርዝ።